ሳይቀመስ የሚወጣ ወጥ

ካምፓላ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አክስቴ ለእትዬ ጥሩሐረግ፣

ይህ ወረቀት ደጅዎን ሲረግጥ እርስዎን በጤና፣ ጎረቤቱን በሰላም፣ ላሚቱን በወተት ያግኝልኝ። እኔ የእህትዎ ልጅ ምስጋናው ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። ፋሲካን በሥራ ዋልኩ፤ ምግብ ቤታችን በዚያን ቀን በሰው ሞልቶ መቀመጫ አልነበረውምና ዶሮውን የቀመስኩት ቆሜ ነው።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለልመና ነው። እዚህ የምንሠራበት ሰፈር በየዓመቱ የምግብ ቀን ያደርጋል። ሱዳኑም፣ ኮንጎውም፣ ሶማሌውም ያገሩን አብስሎ መንገድ ዳር ይደረድራል፤ ሰው እየዞረ ይቀምሳል። ዘንድሮ በጳጉሜን መጀመሪያ ቅዳሜ ነው። እስከ ዛሬ በእኛ ጠረጴዛ ላይ ዶሮ ወጥና ክትፎ ብቻ ነበር የሚቀርበው። እኔ የምግብ ቤቷን ባለቤት የዋግን የፍየል ወጥ ልሥራ አልኳት። ከሌላው የፍየል ወጥ በምን ይለያል ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ ያለው እርስዎ ጓዳ ውስጥ ነው።

እናቴ ሞታ እርስዎ ዘንድ ሳድግ፣ ሴቶቹ ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ይሠራል ሲሉ "ተዉት፣ እንጨት ያቀብለኛል" ይሏቸው ነበር። ያቀበልኩት እንጨት ጥቂት ነው፣ ያየሁት ግን ብዙ ነው። ከሁሉ የማልረሳው የሻደይን ዋዜማ ነው። ነሐሴ ዐሥራ አምስት፣ ፍልሰታ ገና ሳይፈታ፣ የነገውን የፍስክ ወጥ ሳይቀምሱ ሲሠሩት። ከጎላ ድስት ወደ ጎላ ድስት እየዞሩ፣ ጎንበስ ብለው አሽትተው ይህ ቅመም ጎድሎታል፣ ያ ይውረድ ሲሉ የሚከራከርዎ አልነበረም። እኔንም "ዓይንህን ተወው፣ አፍንጫህን አምጣ" ይሉኝ ነበር። እስኪ ያንን በወረቀት ያስቀምጡልኝ። ቅቤው ሲነጠር መቼ ነው የሚወርደው? በርበሬውስ መቼ ይገባል? ከቻሉም ጥቂት ንጥር ቅቤ በጎረቤትዎ በባለሱቁ በዓብዱረሕማን እጅ ወደ አዲስ አበባ ይላኩልኝ፤ ከዚያ የቅመም ነጋዴያችን ያመጣልኛል።

ለምን አልደወለም ብለው እንዳይቀየሙኝ። በስልክ የተነገረ ወጥ ያርራል ያሉኝን አልረሳሁም።

ጉልበትዎን የሚስመው ልጅዎ፣
ምስጋናው


ሰቆጣ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለምስጋናው፣

እመቤቴ በሄድክበት ጥላ ትሁንህ፤ እጅህን ትባርክ፤ ክፉ ዓይን ከምድጃህ ታርቅልህ። እኔ ደህና ነኝ። በጥር ጉንፋን ጥሎኝ ነበር፣ ለቀቀኝ። ላሚቱ ወልዳለች፣ ጥጃዋም ሴት ናት።

ደብዳቤህን ለብቻዬ ተቀምጬ አነበብኩት። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳት ፊደል እስካሁን አልከዳችኝም።

ወጡን ጠየቅኸኝ፣ እንግዲህ ስማ። ቅቤ ሲነጠር መጀመሪያ እንደ ቅዳሜ ገበያ ይንጫጫል። እሳት አታብዛበት። ውሃው እያለቀ ሲሄድ ወሬውን ይቀንሳል። ዝም ሲል አረፋው ይጠራል፣ አተላው ከታች ይታይሃል፤ ያን ጊዜ አውርደው። ሽንኩርቱን ያለ ቅቤ አቁላላው፤ ማማሰያውን ስታነሳው ተንሸራቶ ካልወረደ በርበሬ አታግባ። ፍየሉን ከነአጥንቱ ክተፈው፤ ሥጋው በሁለት ጣት ሲለቅልህ ደርሷል። ይኸው ነው።

ዘንድሮ ሻደይ ሰፋ ብሏል። ከባህል ጽሕፈት ቤት አንድ ልጅ መጥቶ፣ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ጠዋት የአካባቢ ምግብ ቀን ይከበራል አለኝ። ከየወረዳው ፃግብጂም፣ ሰሃላም፣ አምደወርቅም የየራሱን ይዞ ይመጣል። ለእንግዳው ሁሉ የሚቀርበው ወጥ ግን ከእኛ ጎላ ነው የሚወጣው፤ ዐሥራ ሁለት ፍየል ይታረዳል። ጭልፋውን እንደ ወትሮው ለእኔ ሰጡኝ፤ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቴ። ባንቺን ታውቃታለህ፣ ከአምደወርቅ ተድራ የመጣችዋን፤ ዘንድሮ እንኳ እርስዎ ይረፉ፣ እኔ ልያዘው አለችኝ። ያረጀ በሬ አደረገችኝ። ስሞት ትይዥዋለሽ አልኳት። ያ ጭልፋ ከእጄ ከወጣ ምን ልሠራ ነው ከቤቴ የምወጣው?

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ባለፈው ያወራህልኝ፣ ጊዜ ሲሞላ የምትጮኽ የወጥ ቤት ሰዓት ከተገኘች ላክልኝ። ገንዘብ አልፈልግም። የድግሱን ቅቤ ሳነጥር ላንተም እቀንስልሃለሁ።

አክስትህ ጥሩሐረግ


ካምፓላ፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ጥሩሐረግ፣

ጤናዎ ይብዛልኝ፣ ዕድሜዎ ይርዘምልኝ። ጥጃዋ እንኳን ለእናቷ ተረፈች።

ሰዓቷን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ትንሽ ገንዘብም አብሬ አድርጌያለሁ፣ ለመድኃኒት ቢሆን ብዬ። ግን እትዬ፣ አንድ ነገር ገረመኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ስለዚያች ሰዓት ስነግርዎ ሆድዎን ይዘው ስቀው "ሰዓት የሚገዛ አፍንጫ የሌለው ሰው ነው" አላሉኝም?

የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። እንዳሉኝ ሞክሬው ሠምሮልኛል። ነገር ግን ጽሑፍዎ ጆሮ አለው፣ ዓይን አለው፣ ጣት አለው፤ ማሽተት የምትል ቃል አንድም ቦታ የለችም። ኮሰረቱ መቼ እንደሚገባ እንኳ አልነገሩኝም። ያ ጉንፋን በእርግጥ ለቅቆዎታል?

ልጅዎ ምስጋናው


ሰቆጣ፣ ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምስጋናው ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ደብዳቤህ ዘገየብኝ እንጂ በደህና ደርሶኛል። ሰዓቷም ደርሳለች። እንዴት እንደምትሞላ ያሳየችኝ ጎረቤቴ ረውዳ ናት፣ የዓብዱረሕማን ሚስት። የጮኸች ጊዜ ድመቷ በመስኮት ወጣች፤ እስከ ማታ አልተመለሰችም።

ገንዘቡን ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሰጥቼዋለሁ፤ ሌላ አትላክ። የጉንፋኑ ነገር የቆየ ነው፣ ተወው። ኮሰረት ለአንድ ቅል ቅቤ አንድ እፍኝ ነው፤ አተላው ሳይዝ ይግባ።

የድግሱ ቅቤ ተሰበሰበ። ከየቤቱ ተዋጥቶ፣ አንዷ በቅል፣ አንዷ በጣሳ አምጥታ፣ የሰኔ ጾም ሳይገባ አንጥሬ ጨረስኩት። ከገበያ አፈ ሰፊ ጀሪካን ባለ ክዳን ገዝቼ አጠብኩና በእሱ ሞላሁት። ከዚያው ቀንሼ አንድ ጣሳ ልኬልሃለሁ።

ሲደርስህ ክፈተውና እንዴት እንደሆነ ጻፍልኝ። ለእኔ ብለህ ሳይሆን እንዳለ ጻፍልኝ። ደግሞ አታዘግይብኝ። ባንቺ ሰሞኑን እጄን እጄን ታየኛለች።

አክስትህ ጥሩሐረግ


ካምፓላ፣ ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ጥሩሐረግ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ቅቤው በደህና ደርሶኛል። እጅዎ አልተለወጠም፤ ክዳኑን ስከፍተው ልጅነቴ መጣብኝ። ያው የጓዳዎ ሽታ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ሥራ በዝቶብኝ አሳጠርኩ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ ምስጋናው


ሰቆጣ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣

ተባረክ። የወለድኸው ይባረክ፣ የያዝኸው ይርጋልህ። ደብዳቤህ ዘንድሮ ካገኘኋቸው ሁሉ አጭሩ ነው፤ እንደ እሱ ያስደሰተኝ ግን የለም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ከዚያ ለረውዳም አነበብኩላት።

ልነግርህ ያሰብኩት ነገር ነበር፤ አሁን ቀርቷል። ይህን ያህል ግን ልንገርህ። ጭልፋውን ለባንቺ ልሰጣት ቆርጬ ነበር። ቅዳሜ ቤቷ ድረስ ሄጄ ልነግራት አስቤ ሳለ፣ ዓርብ ዕለት ደብዳቤህ ደረሰ። የላክሁልህ ከድግሱ ጀሪካን ነው ብዬሃለሁ። አንተ በዚያ ሽታ ያደግህ ልጅ ነህ፤ አንተ አልተለወጠም ካልከኝ አልተለወጠም። ቅዳሜ ዕለት ከቤቴ ሳልወጣ ዋልኩ።

ሰሞኑን ፍልሰታ ይገባል። ጀሪካኑን ክዳኑን አጥብቄ አስቀምጬዋለሁ፤ የሚከፈተው ዐሥራ አምስት ዕለት ጎላው ሲጣድ ነው። እንግዲህ አልፈራም።

አክስትህ ጥሩሐረግ


ካምፓላ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሰላምታውን ላሳጥረው፣ ወረቀቱን የሚወስደው ሰው በር ላይ ቆሟል።

ዋሽቼዎታለሁ። የላኩልኝ ቅቤ ነጭ ጋዝ ይሸታል። ክዳኑን ስከፍተው የምግብ ቤቷ ባለቤት ወጥ ቤቱን ትታ ወጣች። መጀመሪያ በመንገድ ከነዳጅ ጎን ተጭኖ ነው ብዬ ነበር። ከላይ ገፍፌ ባየው ከሥሩም ያው ነው። ስለዚህ ደፋሁት። ያሳደገችኝን ሴት ቅቤሽ ተበላሽቷል ብዬ ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። አንድ ጣሳ ነው፣ ምን ይጎዳል፣ ደስ ይበላት አልኩ። ከድግሱ መቀነስዎን አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። ትናንት ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ነው የሠራሁት የገባኝ።

ከትናንት ጀምሮ እየደወልኩ ነው። የእርስዎም የዓብዱረሕማንም ስልክ አይሠራም፤ ኔትወርክ ተቋርጧል ይላሉ። ይህን ወረቀት ዛሬ ወደ አዲስ አበባ ለሚበር ሰው ሰጥቻለሁ። እስከ ዐሥራ አምስት ከደረሰ ስለት አለብኝ።

ያንን ጀሪካን አይክፈቱት። ከከፈቱት ደግሞ ወጡ ውስጥ እንዳይገባ፤ ሌላ ሰው ያሽትልዎ።

ሊቆጡኝ ይችላሉ፣ ግን ልጠይቅዎ። እትዬ፣ ከጥር ወዲህ ይሸትዎታል?

ምስጋናው


ሰቆጣ፣ ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለምስጋናው፣

እንኳን ጾሙን በሰላም አስፈታህ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ነሐሴ ሃያ ነው። ስለትህን አትክፈል፣ አልደረሰም።

መጀመሪያ ጥያቄህን ልመልስ። አይሸተኝም። ጉንፋኑ ሲሄድ ይዞት ሄደ። እበትም፣ የተቆላ ቆሎም፣ የጥጃዋ አናትም ለእኔ አንድ ሆነዋል። ለማንም አልተናገርኩም። ጀሪካኑን የገዛሁ ዕለት ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ። ሴት ሁሉ ያገለገለ ፕላስቲክ ስትገዛ አፉን አሽትታ እንደምትገዛ ታውቃለህ። ሰው ያየኛል ብዬ እኔም ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፣ ግንባሬን ቋጠር አደረግሁና ደህና ነው ብዬ ከፈልኩ። የነጭ ጋዝ ዕቃ ኖሯል። ብትዋሸኝ ከእኔ ተምረህ ነው።

ነሐሴ ዐሥራ አምስት ከጠዋቱ ጀምሮ ግቢው ሞላ። ፍየሎቹ ታረዱ፣ ሥጋው ተከተፈ። የፃግብጂዎቹ በአንድ በኩል ማሽላቸውን ይጋግራሉ፣ የሰሃላዎቹ ማራቸውን ያጣራሉ። ባንቺ ከወዲያኛው ጎላ ሽንኩርት ታቁላላለች። ረውዳ ከባሏ ሱቅ የጎደለንን ጨው ይዛልኝ መጣች። ያን ጊዜ ነው ጀሪካኑን የከፈትኩት። ጭልፋውን ነክሬ ወደ ጎላው ልገለብጥ ስል ረውዳ ክንዴን ያዘችኝ። ጠጋ ብላ ቀስ አድርጋ "እትዬ ጥሩ፣ ነጭ ጋዝ ነው" አለችኝ።

ልጄ፣ ያን ጊዜ መዋሸት እችል ነበር። ማነው ጓዳዬ የገባ ብዬ መቆጣት ሁሉ እችል ነበር። ግን የሰው ቅቤ ነው። ጭልፋውን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ሴቶቹን ሁሉ ጠራኋቸው። "ከጥር ጀምሮ አፍንጫዬ አይሠራም። ቅቤያችሁን አበላሽቼባችኋለሁ" አልኳቸው።

 የፃግብጂዎቹ በቋንቋቸው በኽምጣና ተነጋገሩ፤ ምን እንዳሉ መስማት አልፈለግሁም። ባንቺ ማማሰያዋን ጥላ ወጣች። ተቆጥታ የሄደች መስሎኝ ነበር፤ እውነቷን ነው አልኩ። ስትመለስ ግን ለራሷ ቤት መፍሰኪያ ያስቀመጠችውን ቅቤ በቅል ታቅፋ ነው የመጣች። "ጾም ነው፣ ቅቤ የሌለው ቤት የለም" አለች። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ሮጠ። የፃግብጂ፣ የሰሃላና የአምደወርቅ ሴቶችም ለራሳቸው ጠረጴዛ ካመጡት ቀነሱ። ረውዳ በር ላይ ቆማ አንድ በአንድ እያሸተተች፣ ይህ ከርሟል ወዲያ፣ ይህ ደህና ነው ወዲህ ትላለች።

ጭልፋውን ለባንቺ ሰጠኋት። መለሰችልኝና ሂጂ ረውዳን አጠገብሽ አቁሚያት አለችኝ፤ በንዴት ይሁን በፍቅር እንጃ፣ አንቺ ብላኝ አታውቅም ነበር። እንዲህ ሆነን ሠራነው። ረውዳ የሸተታትን ትነግረኛለች፣ እኔ የሚደረገውን እነግራታለሁ። ሽንኩርቱ ጣፈጥ አለ ስትለኝ በርበሬ አስገባሁ፤ በርበሬው ከረር ማለቱን ተወ ስትለኝ ሥጋውን ጨመርኩ። መሐል ላይ "እርስዎ ዛሬ ጾመኛ ነዎት፣ እኔ ደግሞ የእናንተን ሥጋ አልበላም፤ ይህ ጎላ የማይቀምሱት ሁለት ሰዎች አገኘ" ብትለኝ ከጥር ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

በማግሥቱ ወጡ አልቆ ጎላው ተጠረገ። አንዲት የአምደወርቅ ሴት ይህ የእኛ ቅቤ ነው ስትል አንድ የፃግብጂ ሽማግሌ የኛ ነው እንጂ ብለው ተከራከሯት። ሁለቱም አልተሳሳቱም። እኔም ጾሜን በዚያው ወጥ ፈታሁ። ጨውና ማቃጠል ብቻ ነው ያገኘሁበት። አለቀስኩ፤ ሰው በርበሬው መስሎት ውሃ አቀበለኝ።

ዋሽተኸኛልና ተቆጥቼሃለሁ። አንተ እንዳልከፋ ብለህ፣ እኔ እንዳልናቅ ብዬ፣ በመሐላችን የአገር ድግስ ሊጠፋ ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ፤ አንተም ይቅር በለኝ። የየቤቱን ቅቤ ላሚቱ ስትታለብ ቀስ እያልኩ እመልሳለሁ።

እንግዲህ ሰዓትም፣ ገንዘብም፣ መድኃኒትም አትላክልኝ። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ያንተን ወጥ የሠራህ ዕለት እንዴት እንደሸተተ ጻፍልኝ። እንዳለ ጻፈው።

አክስትህ ጥሩሐረግ


ካምፓላ፣ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ጥሩሐረግ፣

እንኳን ዘመን ከዘመን አሸጋገረዎ። ረውዳን ሰላም ይበሉልኝ፤ እትዬ ባንቺንም።

ጳጉሜን አንድ፣ የምግቡ ቀን፣ በጠዋት ዝናብ ጥሎ ነበር፤ መንገዱ ሁሉ እርጥብ ቀይ አፈር ይሸታል። ሦስት ሰዓት ላይ ሽንኩርቱን ጣድኩት። መጀመሪያ ዓይን የሚያስለቅሰው ጥሬ ሽታው ነበር፣ ቀስ እያለ ለዘበ፣ ኋላ እንደ ተጠበሰ በቆሎ ጣፈጥ አለ። በርበሬው ሲገባ ከጎን ያለችው ኮንጓዊት አስነጠሳት፤ ሳቀችብኝ። የፍየሉ ሽታ ከአገራችን ፍየል ይለያል፤ እዚህ የሚበላው ለምለም ሣር ነውና ቁጥቋጦ ቁጥቋጦ አይልም። ቅቤውን እዚሁ ገዝቼ አነጠርኩት፣ እንዳሉኝ ዝም እስኪል ጠብቄ። ወተት ወተትና ኮረሪማ ሸተተ። ኮሰረት አጣሁለት፤ ስለዚህ እትዬ፣ የጓዳዎን ሽታ አልሸተተም። ያቺ ሽታ ጎድላ ነበር፤ ሳጣት ናፈቁኝ።

ከቀትር በኋላ ሰው በዛ። ከአንዲት አሮጊት ጋር ስለ ዋግ ሳወራ ማማሰል ረሳሁ። ከሥሩ ያዘኝ። ከላይ ከላይ አወጣሁት፣ ልጅ ሳለሁ ጎላውን ያስያዝኩብዎ ዕለት እርስዎ እንዳደረጉት። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። የምግብ ቤቷ ባለቤት ቀምሳ ግሩም ነው አለችኝ፤ ሰዉም ጎላውን አራቆተው።

ትንሽ አርሮ ነበር።

ልጅዎ ምስጋናው